ጠመንጃው በማን ክንድ ልክ

ኅዳር 5 ቀን 1958 ዓ.ም.

ቀኑን ሙሉ ዝንጀሮ ስጠብቅ ዋልኩ። ጤፉ ገና ነው። የታችኛው ማሳ ስንዴ ግን ደርሷል፤ እነሱም ያውቃሉ። ከገደሉ ብቅ ይሉና ቁጭ ብለው ያዩኛል። ወንጭፌን ሳነሳ ትልቁ ወንድ ንቅንቅ አይልም። ድንጋዩ የት እንደሚያርፍ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል መሰለኝ። ባሌ በላቸው እያለ አንዲት ጥይት ወደ ሰማይ ይተኩስና ለሳምንት ዝር አይሉም ነበር።

እጄ ዝሏል። በቃኝ ለዛሬ።

ኅዳር 8

የጎረቤቴን የፈንታዬን በሬ ሌቦች ወሰዱት። አጥራችን አንድ ነው፤ እኔም አልሰማሁ፣ እሷም አልሰማች። ባሏ ጠመንጃውን ይዞ ደጀን ሄዶ ነበር። ሌቦቹ የማን ቤት ጠመንጃ እንዳለ፣ የማን ቤት እንደሌለ ከጭቃ ሹሙ ይልቅ ያውቃሉ። ቀጥሎ የማን ተራ ነው? የእኔ ነዋ።

የሚያስቀው ነገር... የዛሬ ሦስት ዓመት አንዱ በሬያችን ሲሞት በላቸው የአባቱን ጠመንጃ ሸጦ ነው ይህን በሬ የገዛው። «ጠመንጃ አያርስም» አለኝ። አፉ እንዲያ ይበል እንጂ ከዚያ በኋላ ሰው ፊት መቆም አስጠላው። ለቅሶ ሲሄድ ከኋላ፣ ሰርግ ሲሄድ ከኋላ። በመጨረሻ ሁመራ ወርጄ ሰሊጥ አጭጄ ጠመንጃ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ወጣ። ሁለት ዓመት አለፈው። አሁን ደግሞ እኔ በሬውን ለመጠበቅ ጠመንጃ ልገዛ ነው።

ወይፈኑን እሸጣለሁ። ግን ምን ዓይነት ጠመንጃ? ድስት ቢሆን መርጬ እገዛ ነበር።

ኅዳር 12

የሚካኤል ዝክር በአያ ኃይለ ሚካኤል ቤት። የበላቸው አጎት ናቸው፤ በጣሊያን ጊዜ አምስቱንም ዓመት ዱር የነበሩ። ጠመንጃ ልገዛ ነው ስላቸው የያዙትን ጠላ አስቀመጡ።

«መጀመሪያ ጥይቱን ምረጪ፣ ልጄ። ጠመንጃው ከኋላ ይመጣል።»

ከዚያ ማን ያስቁማቸው። ውጅግራ እንዳልገዛ። ጥይቱ አውራ ጣት ያክላል፣ የመታውን ይጥላል፤ ግን አንድ ጎራሽ ነው፣ ጥይቱም ከገበያ ጠፍቷል። «እኔ የያዝኩት ስላረጀሁበት ነው» አሉ። አጭር ምንሽር አለ፤ ጥይቱ ቀጭን፣ በየገበያው የሚገኝ። ረጅም በልጅግ አለ፤ አምስት ጎራሽ፣ ከወንዙ ማዶ ያለውን ለይቶ የሚመታ።

«ለዝንጀሮ አንድ፣ ለጅብ አንድ፣ ለሌባ አንድ፣ ለሰርግና ለለቅሶ አንድ ብለሽ አራት አትገዢም። አንድ ነው የምትገዢው፣ ለሁሉም የሚሆን።»

«ታዲያ የቱን ልግዛ፣ አያ?»

«በልጅጉን ነዋ። የበላቸው ዝናር ቤትሽ የለ? ጥይቱ የበልጅግ ነው። ደግሞስ በላቸው ሲመጣ ያን ቁመት ይዞ፣ አጭር ጠመንጃ አንግቶ ጥምቀት ቢወጣ ምን ሊባል ነው? በሱ ክንድ ልክ ግዢ።»

ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ለምን እንደሆነ መንገድ ላይ ሳስበው... «በላቸው ሲመጣ» ስላሉ ነው። ሰሞኑን እንዲያ የሚለኝ ሰው ጠፍቷል። ሁሉም «ከመጣ» ነው የሚለው።

ኅዳር 18

ደብረ ማርቆስ ገበያ። ከአምበር በጭነት መኪና፣ እህል ጆንያ ላይ ተቀምጬ። ወገቤ ደቀቀ።

ሐምዱ ጨርቅ ሻጭ ነው። ጠመንጃውን መሸጥ የፈለገ የገጠር ሰው ግን እሱ ዘንድ ያስቀምጣል፤ በእምነት አይታማም። ከአቡጀዲው ጣቃ ጀርባ ሁለት አውጥቶ ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን አቆመልኝ። አንዱ በልጅግ፣ አንዱ ምንሽር። ምንሽሩ ስንዝር ተኩል ያህል ያጥራል።

በልጅጉን አነሳሁ። ሰደፉን ትከሻዬ ላይ ሳደርገው ምላጩ ሩቅ አገር ነው። እጄን ዘርግቼ ደረስኩበት። አፈሙዙ ግን ቀስ እያለ ወረደ፣ ወረደ...

«ወይዘሮ ስሜነሽ፣ ምነው መሬቱ ምን አደረገዎት?» አለ ሐምዱ።

ምንሽሩን ሰጠኝ። ልክ ብሎ ገባ። ጉንጬ እንጨቱ ላይ አረፈ፣ ጣቴ ምላጩ ላይ አረፈ፣ አፈሙዙም ባለበት ቆመ። ሐምዱ ጉዱንም አልደበቀኝም። አፈሙዙ ሲያጥር ጩኸቱም ግፊቱም ይብሳል፣ ርቀትም አይችልም። ግን በጠባብ በር ይዘውት ይወጣሉ፤ ረጅሙ ጉበኑን ነው የሚመታው አለኝ።

«ረጅሙን አቆይልኝ፣ ወይፈኔን እስክሸጥ።»

«ለማን ነው?»

«ለቤቱ» አልኩት።

ኅዳር 21

ናፈቀኝ። ይኸው ጻፍኩት። አባቴ መሪጌታው ደብረ ወርቅ ቁጭ አድርጎ ፊደል ያስቆጠረኝ ዳዊት እንድደግም ነው እንጂ ባል ናፈቀኝ ብዬ እንድጽፍበት አልነበረም። ይቅር ይበለኝ።

በር ሲገባ ጎንበስ ማለት ይረሳል። ግንባሩን ይመታና በሩን ይሰድባል። ደግሞ ነገም ያው ነው። ሊሄድ ሰሞን ዱላውን እንደ ጠመንጃ ደግኖ «ከዚህ እስከዚህ ድረስ፣ ስሜ፣ እንዲህ የሚረዝም» ይለኝ ነበር። ዱላው ቤቱን አቋርጦ ድስቴን ሊገፋ ሲል እጮሃለሁ። ይስቃል። ልጅ አልሰጠንም፤ ልጄ እሱ ነበር እላለሁ አንዳንዴ።

ሁመራ ሜዳ ነው ይላሉ። የሚመታው በር ይኖር ይሆን?

አምና ከዚያ የተመለሰ ሰው መልእክቱን አድርሶኛል። «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ።» ትንሽ ምን? ዘንድሮ ግን ከሰውም ከወፍም ምንም የለም።

ኅዳር 27

ስንዴው ታጨደ። ዝንጀሮዎቹ ድርሻቸውን ቀድመው ወስደዋል።

ታኅሣሥ 9

ወይፈኑን አምበር ገበያ ሸጥኩት። ገዢውን ተከትሎ ሲሄድ ዞሮ አላየኝም። እንኳንም አላየኝ።

ቤት ስገባ የበላቸውን ዝናር ከግድግዳው አውርጄ ጥይቶቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ወለወልኩ። ምን ያህል ወፍራም ናቸው። በልጅጉን ነው የምገዛው። ክንዴ አይደርስም? ይለምዳላ። ደግሞስ ለእኔ ለጥቂት ጊዜ ነው። ሲመጣ ተቀበለኝ ብዬ እሰጠዋለሁ። ምን እንደሚል አውቃለሁ። ምንም አይልም፤ ወደ ውጭ ይወጣና ብቻውን ይስቃል።

ታኅሣሥ 19

ታረቀ ከሁመራ ተመልሷል አለችኝ ፈንታዬ። የበላቸው ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳዬ። ባለፈው ክረምት ላይ «ሂድና ወንድምህን ፈልግ» ብለን የላክነው እኛው ነን። አያ ኃይለ ሚካኤል ቤት ገባ አሉ፤ ከመጣ ሦስተኛ ቀኑ።

ሦስት ቀን? ቤቴ እኮ ከእርሳቸው ቤት ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። ደክሞት ይሆናል። እግሩን ታሞ ይሆናል።

ታኅሣሥ 22

መጡ። ሁለቱም፣ ውቂያ ሊያግዙኝ። ታረቀ ከስቷል፣ ጠቁሯል። ሳይቀመጥ ነው የተናገረው። «አላገኘሁትም፣ እትዬ። ሌላ እርሻ ሄዷል አሉኝ። ርቆ ነው አሉኝ።» ዓይኑ አውድማው ላይ ነው። ከዚያ ሥራውን ያዘ። እንደሱ ሲሠራ አይቼው አላውቅም፤ ዱሮ እኮ እሱን ለሥራ ማስነሳት ሬሳ ማስነሳት ነበር።

ጤፉ ተወቅቶ አረፍ ስንል አያ ኃይለ ሚካኤል በድንገት፣

«ያን የጠመንጃውን ነገር... አጭሩን ግዢ፣ ልጄ።»

«ምንሽሩን?»

«ምንሽሩን። ጥይቱ በየገበያው ይገኛል። ለክንድሽም ይስማማል።»

«በላቸው ሲመጣስ ምን ሊባል ነው አላሉኝም?»

በሬውን እያዩ ቆዩ። «ለክንድሽ የሚሆነውን ግዢ» አሉ። እኔም ገለባውን ማንሳት ጀመርኩ።

ታኅሣሥ 23

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ግን ጠርጥሬም የተመነጠርኩ ነኝ።

አያ ኃይለ ሚካኤል ስለ ጠመንጃ የተናገሩትን መልሰው ሲውጡ አይቼ አላውቅም። ስለ ፈጣሪ ሐሳባቸውን ይለውጡ ይሆናል፣ ስለ ጠመንጃ አይለውጡም። በሱ ክንድ ልክ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። በወር ከዐሥር ቀን ውስጥ ያ ክንድ የት ገባ?

አሁን ሁሉም ነገር ትዝ ይለኛል። ምንጭ ስደርስ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቆማሉ፣ «እንስራሽን ላሸክምሽ» ይሉኛል። ፈንታዬ በአጥር ትከራከረኝ የነበረችው፣ ዛሬ ጠዋት እንጨት ፈልጣ አመጣችልኝ።

ይህን ፊት አውቀዋለሁ። የመንደራችን የየኔዓለም ወንድም የሞተ ጊዜ እኔም ይህን ፊት ለብሼ ነበር። አዝመራ ሳይገባ መርዶ አይነገርም ብለን፣ ስንት ሳምንት አብረናት ስናጭድ፣ ስናስቃት። ጎተራዋን ሞልተን ነው አንድ ማለዳ ተሰብስበን በሯን ያንኳኳነው። ያን ጊዜ ደግ ሥራ መስሎኝ ነበር። አሁንም ደግ ሥራ ነው። ግን ከወዲያ በኩል ሲያዩት...

ጤፌን ለምን ተሻምተው እንደሚወቁልኝ ገባኝ።

ታኅሣሥ 25

አልጠየቅሁም።

ታኅሣሥ 29

ገና። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ መጣሁ። አያ ኃይለ ሚካኤልን ደጀ ሰላሙ ላይ አግኝቼ ሳይጠይቁኝ፣

«ረጅሙን ነው የምገዛው፣ አያ። በልጅጉን» አልኳቸው።

«እንዳልሽ» አሉ። ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ውሸት አይሆንላቸውም፤ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ሐሳቤ ይህ ነው። ረጅም ጠመንጃ በእጄ ይዤ ካዩኝ አፋቸው እንዴት ይከፈታል? ለማን ገዛሽው ሊሉኝ ነው? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ ይበሉ። ካልጠየቅሁ፣ እነሱም ካልነገሩኝ፣ በላቸው ሌላ እርሻ ነው ያለው። ርቆ ነው። ታረቀ ራሱ ነው ያለኝ።

ጥር 7

ወይፈኑ ያመጣውን ብር ቋጥሬ ማርቆስ ሄድኩ። ሐምዱ በልጅጉን አወጣልኝ። ይዤው ቆየሁ። ዘይት ዘይት ይሸታል። ሰደፉ ላይ የቀድሞ ባለቤቱ ጉንጭ ያረፈበት ቦታ ለስልሷል። የበላቸውን ጉንጭ አሰብኩ፣ እዚያው ቦታ ላይ። ረጅሙን ክንዱን አሰብኩ። ሰውነቴ ሁሉ ናፈቀው፤ ገበያ መሃል፣ ጨርቅ የምትለካ ሴት አጠገቤ ቆማ።

ሐምዱ ሴትዮዋን ሸኝቶ መጣ።

«ወይዘሮ ስሜነሽ፣ አንድ ነገር ልበልዎት? ሰው ለሌላ ሰው ጠመንጃ አይገዛም። ጫማ እንኳ አይገዛም።»

«ያንተ ሥራ መሸጥ ነው» አልኩት።

«መሸጡንማ እሸጣለሁ። ሌባ ሲመጣ ግን አፈሙዙ መሬት መሬት እያየ ምን ያደርግልዎታል?»

ጠመንጃውን መለስኩለት። አልገዛሁም። ረጅሙንም አልገዛሁም፣ አጭሩንም አልገዛሁም። ጨው ብቻ ገዝቼ ተመለስኩ። ጨው ቤት ሞልቷል።

ጥር 11

ጥምቀት። ወንዶቹ ጠመንጃቸውን አንግተው ታቦቱን አጅበው ሲመለሱ ዳገት ላይ ቆሜ አየሁ። ከሁሉ ራስ በላይ የሚታይ ራስ ፈለግሁ። የለም።

አንድ ረጅም ሰው ከኋላው ሲታይ እሱን መሰለኝ። ዞረ፤ አይደለም። ምን አለ ባይዞር።

ጥር 16

ይህን ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት ውስጤ አያርፍም።

ዛሬ ጠዋት ውርጭ ነበር፤ ሣሩ ነጭ። በሬውን ላወጣ በሩን ስከፍት ከአጥሩ ውጭ፣ ግራሩ ሥር፣ አንድ የተከመረ ጋቢ አየሁ። ሌባ መስሎኝ ደነገጥኩ። ጠጋ ስል አያ ኃይለ ሚካኤል ናቸው። ውጅግራቸውን እግራቸው መሃል አቁመው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ጋቢያቸው ላይ ውርጭ ሰፍሯል። ከንፈራቸው ጠቁሯል።

አስነሳኋቸው። እጃቸው አይታጠፍም። እሳት ዳር አስቀምጬ ትኩስ የአብሽ ውሃ አጠጣኋቸው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው፣ አያ?»

«እንዲሁ ዛሬ ብቻ...»

ውሸት አይሆንላቸውም አላልኩም? ፈንታዬን ጠየቅኋት። ከገና ማግስት ጀምሮ ነው አለችኝ። በየቀኑ። ሌቦቹ የእኔን አጥር ሲያጠኑ ታይተዋል ተብሎ፣ እኔም ጠመንጃ አልገዛ ብዬ፣ ታረቀ አንድ ቀን፣ እሳቸው አንድ ቀን። እሳቸው ግን የታረቀንም ቀን ይቀሙታል።

ለካ እኔ በላቸውን በሕይወት ለማቆየት ስል አንድ ሽማግሌ ውርጭ ላይ ልገድል ነበር።

ሲሳሉ ዋሉ።

ጥር 21

ምንሽሩን ገዛሁ። አጭሩን።

ሐምዱ አልቀለደም። ሱቁን ለሚስቱ ትቶ ከከተማው ወጣ ብለን ሞከርን። ማዶ ካለው ቁልቁለት ላይ ነጭ ድንጋይ መረጠልኝ። የመጀመሪያውን ሳትኩ፤ ከጩኸቱ የተነሣ ጆሮዬ ጭው አለ። በሁለተኛው ድንጋዩ ተፈነከተ። ትከሻዬ በልዟል፣ ስጽፍ ያመኛል። ግን ከትከሻዬ ወደ አፈሙዙ፣ ከአፈሙዙ ወደ ድንጋዩ አንድ መስመር ነበር። ማንንም ሳልጠብቅ የመታሁት ነው።

የበላቸውን ዝናር ይዤ ሄጄ ነበር፣ የምንሽሩ ጥይት ይገባበት እንደሆነ ልሞክር። ቀጭን ስለሆነ ይሾልካል። ሐምዱ የበልጅጉን ጥይት በምንሽር ጥይት ልለውጥልዎት አለኝ። ዛሬ አይደለም አልኩት። ሌላ ጊዜ፣ አልኩት። እሺ አለ።

በመኪናው ላይ ጠመንጃውን ጉልበቴ ላይ አጋድሜ መጣሁ። ማንም ለማን ነው አላለኝም።

ጥር 22

ከቅዳሴ በኋላ አያ ኃይለ ሚካኤል ቤት ሄድኩ። ምንሽሩን አንግቼ። ታረቀ ከደጅ ማረሻ እየሳለ ነበር፤ ሲያየኝ ቆመ። አያ መደቡ ላይ ጋደም ብለዋል፣ ሳሉ አልለቀቃቸውም።

ጠመንጃውን አዩት። ከአፈሙዝ እስከ ሰደፍ፣ ቀስ ብለው።

«አጭሩን ገዛሽ» አሉ።

«አጭሩን ገዛሁ፣ አያ። አዝመራው ገብቷል፣ ጥምቀትም አልፏል። አሁን ንገሩኝ።»

ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ለበሱ፣ መርዶ ተቀምጦ አይነገርምና። ታረቀም ገባ። ቃሉን ግን የተናገረው ታረቀ ነው፤ እሳቸው ጀምረው አልቻሉም። ንዳድ ነው የያዘው። ነሐሴ ላይ ተኛ፣ አዲስ ዓመት ሳይደርስ ሞተ። እዚያው ካለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ቀበሩት። ታረቀ መቃብሩን አይቷል፤ ድንጋይ ደርድሮበት መጥቷል።

እንግዲህ ኅዳር ላይ ዝንጀሮ ስጠብቅ የለም ነበር። ለክንዱ ጠመንጃ ስመርጥ የለም ነበር። ጥይቱን ስወለውል የለም ነበር። እኔ ግን ያኔ እንደናፈቀኝ ነው አሁንም የሚናፍቀኝ፤ አንድ ስንዝር አልቀነሰም። ይቀንስ ይሆን?

አልቅሼ ሲወጣልኝ አያ ኃይለ ሚካኤልን አንድ ነገር ለመንኳቸው። ከዛሬ ጀምሮ ቤታቸው እንዲተኙ። ምንሽሩን አይተው እሺ አሉ።

ለቅሶው ነገ ነው። ሬሳ ስለሌለ ልብሱ ይዘረጋል፣ የሟች ጠመንጃም ለቅሶው መሃል ይያዛል፤ ወጉ ነው። የሱ ጠመንጃ የለም። አያ የራሳቸውን ውጅግራ ላውስለት አሉ። ታረቀ የፈንታዬን ባል እንጠይቅ አለ። እምቢ አልኩ። ባሌ በውሰት ጠመንጃ አይለቀስለትም። ምንሽሩን ይዤ መሃል እኔው እቆማለሁ።

ጠመንጃው የእኔ ነው። ለነገ ብቻ የሱ ይሁን።